በኢስታንቡል ያላደረስኩት የአባቴ ቃል

ይህን ነገር ስድስት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳልናገር ይዤው ኖርኩ። ባሌ አያውቀውም። ረቡዕ ረቡዕ አብረውኝ የሚጸልዩት እህቶች፣ የሆዴን ሁሉ የማዋያቸው፣ እነሱም አልሰሙትም። ሰው አልገደልኩም፤ የሰው ትዳር አላፈረስኩም። እኔ ያደረግሁት አባቴን ዝም ማሰኘት ነው። ያውም አንደበት ልሆነው አብሬው ሄጄ።

አዳማ ላይ የልብስ ሱቅ አለኝ። ዕቃ ለማምጣት ኢስታንቡል መመላለስ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ እንግሊዝኛዬም የተፈታው እዚያው በንግዱ ነው። አባቴ ደግሞ ዕድሜውን መቂ ላይ የውሃ ፓምፕ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። የሽንኩርት ማሳ ላይ ሞተር ሲቆም መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። እንደ ሐኪም ጆሮውን ሞተሩ ላይ ያስጠጋና “ይሄ አሸዋ ጠጥቷል” ይላል። ሲፈታ እውነትም አሸዋ ይወጣል። ልጅ ሆኜ ከአባቴ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

የዛሬ ስድስት ዓመት እሱንና እናቴን ይዣቸው ሄድኩ። አባቴ በሠርጌ ቀን የለበሰውን ሙሉ ልብስ ለበሰ። እናቴ ሻንጣዋ ውስጥ በሶ ከተተች፤ የሰው አገር ምግብ አላመነችም። አንድ ቀን ከአስጎብኚ ጋር ጥንታዊውን ከተማ እንዲያዩ አስመዘገብኳቸው። ከየአገሩ የተሰባሰብን አሥራ ሁለት ሰዎች ነበርን። አስጎብኚው ጸጉሩ የሸበተ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። እሱ በእንግሊዝኛ ያስረዳል፤ እኔ ለአባቴና ለእናቴ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ።

ጠዋቱ ደስ ይል ነበር። እናቴ ትልቁ መስጊድ ውስጥ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን ተከናንባ “ፎቶ አንሺኝ፤ ጎረቤቴ ከድጃ ካላየች አታምነኝም” አለችኝ። አባቴ ቀና ብሎ ጉልላቱን እያየ አንገቱ እስኪያመው ቆመ።

ከዚያ ከመሬት በታች ወደሚገኝ የጥንት የውሃ ማከማቻ ወረድን። ሦስት መቶ ምናምን የድንጋይ ምሰሶ ውሃ ውስጥ ቆሟል። አባቴ ደረጃው ላይ ቀጥ አለ።

“ያ ዋቀዮ!” አለ፤ ፈጣሪውን የሚጠራው በኦሮምኛ ነው። “ጠይቂልኝ እስቲ፣ ደለሉን በምን ያወጡት ነበር?”

ጠየቅኩለት። የአስጎብኚው ፊት በራ። ስንት ዓመት በዚህ ሥራ ሲኖር ይህን የጠየቀው ሰው እንደሌለ ነገረኝና በደስታ ረጅም ማብራሪያ ጀመረ። ሌሎቹ ቆመው ጠበቁን። አንዲት ሴትዮ ሰዓቷን አየች። በዚህ መሃል አባቴ ቁጢጥ አለና በአጥሩ ብረት መካከል እጁን ሰዶ፣ ጣቱን ውሃው ውስጥ ነክሮ ቀመሰው። ጥበቃው ጮኸ። ሁሉም ዞር አሉ። ሁለት ወጣቶች ሳቁ፤ አንዱ ስልኩን ወደ አባቴ ደገነ።

ፊቴ ጋለ። “ተነስ አባዬ፣ ሰው እያየን ነው!” አልኩት።

“ጨው የለውም እኮ” አለኝ እየሳቀ። እሱ የሳቁትን ሰዎች አላያቸውም፤ ያየው ውሃውን ብቻ ነበር።

በደሌ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። የአስጎብኚውን ረጅም ማብራሪያ “ውሃው ከሩቅ ይመጣ ነበር” ብዬ አሳጠርኩለት። ትንሽ እንደሄድን “ውሃውን ከሩቅ ካመጡት ቁልቁለቱን እንዴት ለኩት በይው” አለኝ። እኔም ወደ አስጎብኚው ዞሬ በእንግሊዝኛ “ምሳ ስንት ሰዓት ነው?” አልኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ መሆኑን ነገረኝ። ለአባቴ ደግሞ “አላውቅም ነው የሚለው” አልኩት።

ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ውሃ ሲያሻግር የኖረውን የድንጋይ ድልድይ ስናይ አደረግሁት፤ የከተማው ቅጥር ሥርም ደገምኩት። ይጠይቃል፤ እኔ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ እጠይቅና “አላውቅም አለ” እለዋለሁ። ምላሴ እንዴት አልተሳሰረም? እሱ እኮ ዓይን ዓይኔን እያየ ነበር የሚጠብቀኝ።

ከሰዓት በኋላ መጠየቁን ተወ። “ምነው ዝም አልክ?” አለችው እናቴ።

“ጥሩ ሰው ነው፤ ግን አላስተማሩትም መሰለኝ” አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ሰው ፊት ባላሳፍረው ይሻላል።”

ይታያችሁ። እኔ በአባቴ አፍሬ እዋሻለሁ፤ አባቴ የማያውቀውን ሰው ላለማሳፈር ይጨነቃል።

ስንለያይ አስጎብኚው ወደኛ መጣ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አባቱ የመንደራቸውን ውሃ የሚጠብቅ ሰው እንደነበረ፣ አባቴ ውሃውን የሚያይበት ሁኔታ እሱን እንዳስታወሰው ነገረኝ። ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቂልኝ፣ ጊዜ ካላችሁም ሻይ ልጋብዛችሁ አለ።

“ምን አለ?” አለኝ አባቴ።

“ደህና ግቡ ነው የሚለው።”

አባቴ የሰውየውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። “እኔም የውሃ ሰው ነኝ በይው። አገሬ ቢመጣ መቂን ቦይ ለቦይ አዞረዋለሁ በይው።”

“ደክሞታል፤ አመሰግናለሁ ይላል” አልኩት ሰውየውን። እሱም አንገቱን ነቅንቆ ሄደ።

ደክሞኝ ነበር? አልደከመኝም። ቋንቋው ከበደኝ? አልከበደኝም። ዘመናዊ ቦርሳ አንግቤ፣ ውሃ የሚቀምስ አባት አለኝ መባልን ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሆቴል ገብተን እናቴ እግሯን እያሸች “ሌሊሴ፣ ሰውየው የተናገረው ብዙ ነው። አንቺ ያልሽው ግን አጭር ነበር” አለችኝ።

“እንግሊዝኛ ይረዝማል፣ እማዬ።”

ትክ ብላ አየችኝና “እሺ” አለች። ከዚያ ወዲያ አላነሳችውም።

ባለፈው ወር መቂ እነሱ ቤት የጸሎት ፕሮግራም ነበር። አባቴ ለእንግዶቹ ስለዚያ ጉዞ ሲያወራ “ቋንቋ ባላውቅም ምንም አልጎደለብኝም፤ አፌም ጆሮዬም ልጄ ነበረች” አለ። ሰው ሁሉ መረቀኝ። አንዲት አሮጊት ተነስተው ግንባሬን ሳሙኝ። እኔም አሜን አልኩ።

በማግስቱ ጓሮ ፓምፕ ሲፈታ አጠገቡ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። የምሳውን ጥያቄ ሳይቀር። የሻይ ግብዣውንም። ብሎኑን በእጁ እንደያዘ ሰማኝ።

“ያን ያህል አሳፈርኩሽ?” አለኝ።

በፍጹም ልለው አፌን ከፈትኩ። ሌላ ውሸት ሊሆን ነው። “አዎ አባዬ። ባንተ አፍሬ ነበር” አልኩት።

አቀረቀረ። የእጁን ግራሶ በጨርቅ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ቆየ። ቢሰድበኝ እንዴት በቀለለኝ።

“እኔ ደግሞ” አለ በመጨረሻ፣ “ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ሰው ምንም አያውቅም እያልኩ በየቤቱ አማሁት።”

“ይቅር በለኝ አባዬ” አልኩት።

“እኔ አባትሽ ነኝ፣ ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ። ልጄን ይቅር ሳልል ወዴት እሄዳለሁ?” ብሎ ራሴን ዳበሰኝ፤ ጸጉሬ ግራሶ ግራሶ ሸተተ። “እሱንስ ምን ልትይው ነው?”

 ስሙን እንኳ አልያዝኩም። ከዚያ ጉዞ ወዲህ ለዕቃ ስሄድ ሁለት ጊዜ የውሃ ማከማቻው ደረጃ አጠገብ ቆሜ የሸበተ ሰው ሁሉ ፊት አይቻለሁ፤ አላገኘሁትም። የአባቴን ምሕረት ሳይገባኝ ተቀበልኩ። የዚያን ሰው ግን ማን ይሰጠኛል? አላወቅኩም ነበር አልልም። አውቄ ነው ያደረግሁት።