በርበሬው የሸሸበት ሳህን

ድስት ሳጥብ፣ ውሃው ላይ የተንሳፈፈው በርበሬ ሳሙና ጠብ ሲልበት ወደ ዳር ይሸሻል። ማጠቤን አቆማለሁ።

በደርግ ጊዜ አርባ ምንጭ ሳለን፣ ታላቅ ወንድሜ ክፍል የተማረውን ሊያሳየን ሳህን ውሃ ላይ በርበሬ ነሰነሰና መሃሉን በሳሙና ነካው። በርበሬው ብትን አለ።

«ሳሙናው የውሃውን ፊት ሸፍኖ ውጥረቱን ያላላዋል» አለ።

«ወደ መሃል የሚመልሰውስ?» አለች እናቴ።

«አይመለስም እማዬ፤ ውሃውን መቀየር ነው» ብሎ እየሳቀ ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ ገበያ ወረደ። እዚያ የውትድርና አፈሳ ደረሰ፤ ወጣቱ ወደየዳሩ ሲሸሽ እሱን ያዙት።

ወሬው ሲመጣ እናቴ ሳህኑ ላይ አጎንብሳ በርበሬውን በጣቷ ወደ መሃል ሰበሰበች፤ ጣቷን ስታነሳ ተመልሶ ተበተነ። ውሃውን ልደፋው ስል እጄን ያዘችኝ።

«እስቲ አንቺ ሞክሪ» አለችኝ።

ሞከርኩ። ዛሬም እጣቢውን ከመድፋቴ በፊት እሞክራለሁ።