ጥቁሬን የሚያስወልቀኝ ሰው

ባሌ ከሞተ ዓመት አልፎት ነበር፤ እኔ ግን ጥቁሬን አላወለቅሁም። ያየኝ ሰው ሐዘኑ ጸንቶባት ነው ይላል። ጸንቶብኛል፣ አልዋሽም። ያላወለቅሁት ግን በዚያ ብቻ አይደለም፤ የሚያስወልቀኝ ሰው ስጠብቅ ነው። በእኛ ልማድ ሐዘንተኛ ብድግ ብላ በገዛ እጇ ጥቁሯን አታወልቅም። ዘመድ ወይ ጓደኛ አዲስ ቀሚስ ገዝቶ ይመጣል፣ «በቃ፣ እሱንም ነፍሱን ይማረው፣ አንቺም ለልጅሽ ኑሪ» ብሎ ይለምናታል፤ እሷም እምቢ፣ እምቢ ትልና በግድ ያስወልቋታል። በግድ መሆን አለበት። በራሷ ያወለቀች እንደሆነ ሞቱን ስትጠብቅ የኖረች ይመስልባታል። አስወልቁኝ ብላ ደግሞ አትጠይቅም። የሰው ፊት እሳት ነው፤ ለእንዲህ ያለው ነገር ሲሆንማ ይብሳል።

ጓደኞቼ ሙት ዓመቱ እንዳለፈ ሊያስወልቁኝ መጥተው ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማዬ ድረስ፣ ሥራ የሚገቡት ሺፍት ቀይረው፣ ቀሚሱን በፌስታል ይዘው። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት፣ የእውነት እምቢ። «ልጅ አለችኝ፤ ልጄ ታስወልቀኝ» አልኳቸው። አንድ ልጅ ወልጄ፣ አሳድጌ፣ ለወግ ለማዕረግ አብቅቼ፣ ሐዘኔን ጎረቤት ያውጣልኝ እንዴ? እነሱም እውነትሽን ነው ብለው ሻያቸውን ጠጥተው፣ ቀሚሳቸውን ይዘው ሄዱ።

ልጄ የምትኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ካርታ ላይ ሲያዩት ቅርብ ነው፤ ድልድዩ ላይ መኪና ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን ሌላ አገር ነው። ዲቪ ደርሶን ስንመጣ ገና አዝያት ነበር፣ አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ባሏም ደግ ሰው ነው። እሁድ እሁድ ትደውላለች። ምን በላሽ ትለኛለች፣ በልቻለሁ እላለሁ፤ ልጆቹን ሰላም በሉ ስትላቸው «ሃይ» ይሉኛል፣ እኔም ሃይ እላቸዋለሁ። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ስለ አባቷ አንድ ቀን አንስታ አታውቅም። እኔም ካላነሳችው ብዬ ዝም እላለሁ።

አንድ እሁድ ግን ክሩዝ ቡክ አድርጌያለሁ አለችኝ፤ ከባልቲሞር ነው የሚነሳው፣ ፕሌን የለውም፣ ቤርሙዳ ደርሰን እንመለሳለን። እኔ በውኃ ላይ ምን በወጣኝ ልላት ስል፣ «እማዬ፣ እዚያ የምትለብሽው ነጣ ያለ ቀሚስ እኔ እገዛልሻለሁ» አለች። ነጣ ያለ! እንግዲህ መጣች አልኩ። ጠንካራ ብትመስልም ልጄ ወጉን ታውቃለች፣ ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት ልታስወልቀኝ ነው። ያን ዕለት ለጓደኞቼ አንድ ባንድ ደወልኩ። አንዷ፣ ምነው የብስ ጠፍቶ ነው ባሕር ላይ የምታስወልቅሽ ብላ አሾፈችብኝ። ሳቅሁ። ከስንት ጊዜዬ ከልቤ ሳቅሁ።

መርከቡ መርከብ አይደለም፣ ከተማ ነው። ሊፍቱ፣ ሱቁ፣ መዋኛው፣ መብሉ! ሰው ቀኑን ሙሉ ይበላል። እኔ ያሰብኩት ቢያንስ እራት አብረን እንበላለን ብዬ ነበር። የመጀመሪያውን ማታ በልተናል፣ እውነት ነው። በማግሥቱ ልጆቹ ከእኩዮቻቸው ጋር ፒዛ እንበላለን ብለው የልጆች ክፍል ቀሩ። እሷና ባሏ ደግሞ ለሁለት ብቻ የሚሆን ቦታ ይዘው ኖሯል። ደግ አደረጉ፤ ሥራ ሥራ ሲሉ ነው የሚከርሙት፣ ባልና ሚስት ፊት ለፊት ተያይተው ይብሉ። እማዬ አብረሽን ነይ ብላኛለች፤ እኔ ነኝ በባልና በሚስት መሃል ምን እሠራለሁ ያልኩት። አንድ ጊዜ ደግማ ብትለኝ እሄድ ነበር። አልደገመችም። እዚህ ያደገ ሰው አይ ካልሽው አይ ማለትሽ ነው፤ በቃ፣ ይተውሻል።

ስለዚህ ትልቁ ምግብ ቤት ብቻዬን ገባሁ። እዚያ ሥርዓት አለው፤ ቁምጣ ለብሶ የመጣ አንድ ሰውዬ በር ላይ በትሕትና መለሱት። ደስ አለኝ፤ እኔም ነገረኛ ነኝ። ከአንድ የነጭ ሽማግሌና ከሚስቱ ጋር አስቀመጡኝ። አስተናጋጁ ናፕኪኑን አራግፎ ጭኔ ላይ ሊያነጥፍልኝ ሲል እጁን ያዝኩት፤ ልጄ የሚሆን ሰው ነው፣ ኧረ ተወው፣ እኔ አነጥፈዋለሁ አልኩት። ምግቡ መጣ። ብዪ የሚለኝ ሰው ስጠብቅ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ጀምረዋል። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እንብላ ሳልል ከአፌ አይገባልኝም፣ ሳህኔን ወደ ሴትዮዋ ገፋ አድርጌ በእንግሊዝኛዬ ግብዣ አቀረብኩ። ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች፣ እሷ ዓሣ ማዘዟን በፈገግታ ነገረችኝ። እኔም ሳህኔን ወደ ራሴ ሳብኩ። ከዚያ በኋላ ስለ አየሩ አወራን።

በሦስተኛው ማታ «ፎርማል ናይት» የሚሉት ነበር። ሰው ሁሉ ሙሉ ልብስና የሚያብለጨልጭ ቀሚስ ለብሶ ነው እራት የሚቀርበው። ልጄና ቤተሰቧ ፎቶ ሲነሱ አመሹና እነሱ ሳይመጡ የእኔ እራት ደረሰ። እኔ ያው ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ፣ ጥቁር ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወረድኩ። ሊፍት ውስጥ አንዷ ልቧን ይዛ እንዴት ያለ ውበት ነው አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ የዓሣዋ ሴትዮ ጥቁር ሁልጊዜም ያምራል፣ እኔም ጥቁሬን ባመጣሁ ኖሮ አለች፤ ባሏም ብርጭቆውን አንስቶ ለጤናዬ ጠጣልኝ። ባሌ ሞቶብኝ ነው እንዳልል በደስታቸው ላይ ውኃ መቸለስ ይሆንብኛል። ቴንኪው አልኩ። ከል ለብሼ በፋሽን ተመሰገንኩ! ክፍሌ ገብቼ ይህን ሳስበው ሳቄ መጣ፤ መጣና ደግሞ የምነግረው ሰው አጣሁ። እንዲህ ያለውን ስነግረው እንባው እስኪፈስ የሚስቅልኝ እሱ ነበር። የዚያን ማታ ሆድ ባሰኝ።

በማግሥቱ ከቁርስ ስመለስ አልጋዬ ላይ አንድ ፌስታል ተቀምጧል። ውስጡ ነጭ ቀሚስ አለ፣ ቀጭን ጥልፍ አንገቱ ላይ ያለው፣ ደህና ጨርቅ። ቴክስትም መጥቷል፤ ዛሬ «ዋይት ናይት» ነው፣ ሁሉም ሰው ነጭ ነው የሚለብሰው፣ እማዬ ይሄን ልበሽና ከእራት በኋላ ላይ ውጪ፣ ፋሚሊ ፎቶ አለን ይላል። አበባና የሳቅ ምስል አለበት። ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ አባቷ ምንም የለበትም።

ቢሆንም አልጨከንኩባትም። ልብሱን ያስቀደመችው ኋላ ራሷ ልትመጣ ነው አልኩ። ታጠብኩ፣ ጸጉሬን ጎነጎንኩ፣ ቀሚሱን ዘርግቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እምቢታዬን ሳይቀር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁለቴ እምቢ እላታለሁ፣ በሦስተኛው እሺ። በሩ ሲንኳኳ ዘልዬ ከፈትኩ፤ ፎጣ የሚቀይረው ሠራተኛ ነው። ደግሜ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ስልኩ ጮኸ፤ እማዬ የት ነሽ፣ ወረፋው ሊደርስ ነው አለችኝ።

ነጩን ቀሚስ አጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። በጥቁሬ ወጣሁ።

ላይኛው ፎቅ ጥምቀት የወጣሁ ነው የመሰለኝ፤ ከልጅ እስከ አዋቂ ነጭ በነጭ። ሙዚቃው ደረት ይመታል። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ጥቁር የለበስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ መንገድ እየለቀቁ ፈገግ ይሉልኛል፣ ለታማሚ እንደሚሉት። ልጄ ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ። እጄን ይዛ ከወረፋው አውጥታ ወደ መርከቡ ዳር ወሰደችኝ። አልወደድሽውም ወይ አለችኝ። ወድጄዋለሁ አልኳት። ታዲያ ለምን ትለኛለች፤ ፎቶውን ያዘዝኩት ላንቺ ብዬ ነው፣ ሁሉም ሰው እያየን ነው። እያየን ነው ስትል ደሜ ፈላ።

«ጥቁር በቴክስት አይወልቅም» አልኳት። «ሰው ነው የሚያስወልቀው። ልጄ ታስወልቀኛለች ብዬ ሰውን ሁሉ መልሼ አንቺን ነው የጠበቅሁት።»

ሶሪ ትለኛለች ብዬ ነበር። የልጅ ልጆቼም ያንን ነው የሚሉኝ፣ ሶሪ ብለው ያልፋሉ። እሷ ግን ወደ ውኃው ዞረች። ከዚያ ጥርት ባለ አማርኛ፦

«እኔንስ ማን አለበሰኝ?» አለች።

አልገባኝም። ምን ማለትሽ ነው ስላት ቀስ እያለች ነገረችኝ። ያኔ ሰው ሁሉ እኔን ከቦ ነበር፤ እኔን ደግፈው፣ እኔን አልብሰው፣ እኔን አስለቀሱ። እሷን ግን እንግሊዝኛ ታውቃለች ብለው ከሆስፒታሉና ከቀብር አስፈጻሚዎቹ ጋር አፋጠጧት፤ ቤት ስትመጣ ደግሞ ለለቅሶተኛው ውኃና ምግብ አቅራቢ አንቺ ነሽ አሏት። እኔ ራሴ ትሪ ይዛ ስታልፍ አይቻታለሁ፤ ሰውም ጎበዝ ልጅ ወልደሻል ይለኝ ነበር። በሣልስቱ ማግሥት ሥራ ገባች። ቢሮዋ አበባ ተልኮላት፣ አመስግናለች። ቁጭ ብለሽ አልቅሺ ያላት አንድ ሰው የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ስትመጣ ደግሞ እኔን በጥቁር ታየኛለች፤ ሐዘኑ የኔ ነው፣ እሷ እንግዳ ናት። በዚህ የተነሳ እግሯን አሳጠረች። ፎቶውንም ያዘዘችው አንድ ጊዜ እንኳ ጥቁር የሌለበት ፎቶ ይኑረን ብላ ነው።

«አባቴም እኮ ነበር» አለች።

አንጀቴን በላችው። ጥቁር ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩና በነጩ ቀሚሷ ላይ ደረብኩላት፤ ለቅሶ እንደሚለበሰው አዘቅዝቄ አለበስኳት። እጇን አንስታ ልትከለክለኝ ነበር፣ ተወችው። ከዚያ አለቀሰች። እንደ ሕፃንነቷ፣ ድምፅዋን አውጥታ። እኔም «ወይኔ አባትሽ» እያልኩ አብሬ አለቀስኩ። ሰው በአጠገባችን ያልፋል፤ ሲያየን ዓይኑን ሰብሮ ራቅ ይላል። ክፋት አይደለም፣ ወጋቸው ነው፤ የሚያለቅስ ሰው አይታይም፣ ለብቻው ይተዋል። በእኛ ቢሆን ሳንጠራው ሰው ይሞላ ነበር። ባሏ ከሩቅ አየንና ልጆቹን ይዞ ዞረ፤ ፎቶውን ያለ እኛ ተነሱ።

በማግሥቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እሷ ናት፣ ዓይኗ አብጧል፣ ነጠላውን አላወለቀችም። ቁም ሳጥኑን ከፍታ ነጩን ቀሚስ አወጣችና፣ እሺ፣ ምን እያልኩ ነው የማስወልቅሽ፣ ንገሪኝ አለች። አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ይኸው መጣልኝ። ግን ገና ትናንት የለበሰች ልጅ ናት፤ ሐዘንተኛ ሐዘንተኛን አያስወልቅም። ቀሚሱን ከእጇ ተቀብዬ አጠፍኩት። አንቺ አትችይም አሁን፣ ቆይ አልኳት። አጠገቤ ተቀመጠችና ስለ አባቷ አወራን፤ ቁርስ አለፈን።

ባልቲሞር ወርደን እነሱ ወደ አሌክሳንድሪያ፣ እኔ ወደ ቤቴ ገባን። እሷ ከነጠላው ጋር ሄደች፤ ቢሮም እንደለበስኩት እገባለሁ ብላለች፣ ይጠይቁኝ፣ አባቴ ሞቶ ነው እላቸዋለሁ አለች። እኔ ከነጥቁሬ ነኝ። ቤቱ ያው ዝም እንዳለ ጠበቀኝ፤ መብራቱን ሁሉ አበራሁት። ለጥቂት ሳምንታት እንዲሁ ከረምን። ማታ ማታ ትደውላለች፣ ታለቅሳለች፣ እሰማታለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ልብሱን ይዘው ከመጡት ጓደኞቼ ለታላቋ ደወልኩ። እንዲህ ያለው ነገር አይለመንም ስል የኖርኩት ሴትዮ ለመንኳት። በሞቴ፣ ሰብሰብ ብላችሁ ወደ አሌክሳንድሪያ ውሰዱኝ፣ እዚያ አስወልቁን፤ ቀሚሱ ግን ሁለት ይሁን፣ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለልጄ አልኳት።

ወረቀትና ብዕር ስትፈልግ ሰማኋት። ከዚያ እሺ፣ በደስታ አለችኝ፤ የአንቺን እናውቀዋለን፣ የልጅሽ ልኳ ስንት ነው ብላ ጠየቀችኝ።

የልጄን ልክ አላውቀውም ነበር።