የጭልፊቱ ረጅም ቅርንጫፍ

በሙዚየማችን መግቢያ ትኬት የምቆርጠው እኔ ነኝ። የተቀመጥኩት ከትልቁ ግድግዳ ፊት ለፊት ስለሆነ የሠዓሊያችንን ጀርባ ከሚስቱ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ግድግዳው ላይ የአእዋፍና የአጥቢ እንስሳት የዝምድና ዛፍ አለ። ሥራው አንዴ ስሎ መገላገል መስሎት ነበር፤ ይኸው ዕድሜውን ሙሉ ሲያርም ይኖራል፤ ፎቅ ላይ ያለው ቤተ ሙከራ አርፎ አይቀመጥማ።

እዚያ ላባ ከኮቷ ላይ የማይጠፋ ተመራማሪ አለች፤ ባለላባዋ እንላታለን። ከደምና ከላባ ዘረመል እያወጣች ማን ለማን እንደሚቀርብ ታነጻጽራለች። እሷ አዲስ ነገር ይዛ በወረደች ቁጥር ዳይሬክተሩ ያዛሉ፣ አንድ እንስሳ ቤት ይለቃል። ዓሣ ነባሪው ወደ ጉማሬው ሄደ። ዝሆኑ የሽኮኮ ዘመድ ነው ሲባል ሠዓሊው መሰላሉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ሲሳሳሙ ማን ነው ጎንበስ የሚለው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከሁሉም ግን ነፍሱ ያለችው ጭልፊቱ ላይ ነው። ከንስሩ ጎን ክንፉን ገርበብ አድርጎ ተቀምጧል፤ ላባው አንድ በአንድ ይቆጠራል። እንዲህ የሚሳሳለት ለሥዕሉ ብቻ ብሎ አይደለም፤ በአማቱ ምክንያት ነው።

አማቱ ዘበኛውን እንኳ «ልጄ» የሚሉ ሴት ናቸው። እሱን ግን ሴት ልጃቸውን ካገባ ጀምሮ የሚጠሩት «ቀቢው» እያሉ ነው። «ቀቢው ይመጣል?» «ለቀቢው ወንበር ስጡት።» ግድግዳው ሲመረቅ መጥተው ጭልፊቱ ፊት ቆሙ፣ ከዚያ «ዓይኑ ያያል» አሉ። በቃ፣ ሰውየው ምድር አልበቃውም። ከዚያ ወዲህ ዘመድ በመጣባቸው ቁጥር እያመጡ፣ «የኛ ጭልፊት፣ ያ ከንስሩ ጎን ያለው» እያሉ ያሳያሉ። ቀቢነቱ ግን አልተነሣለትም።

ታዲያ ባለፈው ሰኞ ባለላባዋ ከፎቅ ወረደች። ፊቷን ሳየው የአንዱ እንስሳ ነገር እንዳበቃለት አወቅኩ።

«ጭልፊት እንደምናስበው ለንስር አይቀርብም» አለች። «ዘረመሉ የሚቀርበው ለበቀቀን ነው።»

ሠዓሊው ብሩሹን አስቀመጠ። «ለዚያች ለፍላፊ?»

«ለዚያች ለፍላፊ።»

ዳይሬክተሩ ውለው ሳያድሩ አዘዙ፦ ጭልፊቱ ተፍቆ ከበሩ ማዶ በቀቀኖቹ ጎን ይሳል፣ ለእሑድ ይድረስ። እዚያ የተረፈው ቦታ ደግሞ ለድንቢጥም አይበቃም። ይባስ ብሎ እሑድ አማቱ የሚመጡት ከታላቅ እህታቸው ጋር ነበር፤ ያኔ ጋብቻውን «ልጅቷን ለቀለም ቆርቆሮ ልትድሯት ነው?» ብለው ከተቃወሙት እህት ጋር። ጭልፊቱ ከጠፋ ሰውየው ተመልሶ ቆርቆሮ ሊሆን ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ የቀለም መፋቂያውን ይዞ ጭልፊቱ ፊት ቆሞ አገኘሁት።

«ዓይኔ እያየ አልፍቀውም» አለኝ።

«ጨፍነህ ፋቀዋ» አልኩት።

ተቀየመኝ። አንዳንዴ ምላሴን የሚይዝልኝ ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር። ሳየው ግን አንጀቴን በላው፤ ተነሥቼ ባለላባዋን ጠራኋት።

«ማነው ይፋቅ ያለው?» አለች ተገርማ።

«ከበቀቀን ጎን ይሁን ብለሽ የለ?» አላት ሠዓሊው።

«እኔ ጎን መች አልኩ? ዛፍ ላይ ዝምድና የሚታወቀው ማን ከማን አጠገብ ተቀመጠ ተብሎ አይደለም፤ ቅርንጫፎቻቸው የት ይገናኛሉ ተብሎ ነው። ወፍህ እዚያው ይቀመጥ፤ ቅርንጫፉን ብቻ ወደ በቀቀኖቹ ውሰድለት።»

ያን ሁሉ ዘመን እንስሳቱን ሲያፈናቅል የኖረው በከንቱ ነበር ማለት ነው። ለመናደድ ግን ጊዜ አልነበረውም። ዳይሬክተሩም ለእሑድ ይድረስ እንጂ ብለው ተስማሙ። ከንስሩ ጋር የሚያገናኘውን መስመር አጠፋና ከጭልፊቱ እግር ሥር ቡናማ ቅርንጫፍ አስነሣ፤ በበሩ ጉበን ላይ አሳልፎ፣ የእሳት ማጥፊያውን አዙሮ፣ ከበቀቀኖቹ ቅርንጫፍ ጋር አገናኘው። ቅዳሜ የቧንቧ ሠራተኛችን በመፍቻ ሲያንኳኳው ደረስኩበት። ሳይነገረው አዲስ መስመር የተዘረጋ መስሎት ተናዶ ነበር።

እሑድ አማቱና እህታቸው ገቡ። ሠዓሊው መሰላሉ ሥር ቆሞ የቀለም ጨርቁን ያሻል፤ ባለላባዋም ቅርንጫፉን ልታይ ወርዳለች። እህትየው ጭልፊቱን አይተው ሊያልፉ ሲሉ ቅርንጫፉ ታያቸው። በጃንጥላቸው ጫፍ እየተከተሉ በሩን አለፉ፣ እሳት ማጥፊያውን ዞሩ፣ በቀቀኗ ላይ ደረሱ።

«አንቺ፣ ከንስር ወገን ነው ያልሽኝ ወፍሽ የበቀቀን ዘመድ ሆኖ አረፈው!» ብለው ሳቁ።

አማቱ ወደ ባለላባዋ ዞሩ። «ልጄ፣ በምን አወቃችሁ?»

«በዘረመላቸው፣ እማማ። መልክ ያሳስታል። ጭልፊትና ንስር የተመሳሰሉት ሁለቱም አድነው ስለሚበሉ ነው እንጂ ዝምድናቸው ሩቅ ነው።»

አማቱ አሰቡበት። ሠዓሊው ጨርቁን ሊቀደው ምንም አልቀረውም።

«ሰማሽ?» አሉ ለእህታቸው። «አጠገብ ተቀምጦ የተመሳሰለ ሁሉ ዘመድ አይደለም።»

እህትየው ጃንጥላቸውን ዝቅ አደረጉ። አማቱ ቀና ብለው ቅርንጫፉን ዳር እስከ ዳር አዩት።

«ይሄ ግን ቀጥኗል። ልጄ፣ ትንሽ ወፈር አድርገው፤ ዝምድናቸው ከሩቅ ይታይ።»

ዘበኛው ብድግ አለ፤ እሱን ያሉት መስሎታል። ሠዓሊውም ማንን ነው ብሎ ወደ ኋላው ዞረ። ከኋላው ያለው ግድግዳው ብቻ ነበር። ያኔ ገባው። መሰላሉን በሩጫ ወጣና ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ብሩሹን አልያዘም። ዓይኑን በቀለም ጨርቁ ሲጠርግ ፊቱ ቡናማ ሆነ። እኔም ትኬት የሚጠብቁትን ሰዎች ትቼ ብሩሹን አቀበልኩት።