በክራር ከረጢት የመጣው የወሮበላ ጠመንጃ

ጧት 12 ሰዓት፣ ኮተቤ

ገና ሳይነጋ ወጣሁ። የቲያትር ክበባችን ዘበኛ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ስለሆነ እስካሁን መድረክ ላይ ያወጣኝ የለም። አሁን ግን አዘጋጁ፣ «መሣሪያውን አሠርተህ ከመጣህ በአዲሱ ቲያትር የወሮበሎቹ አለቃ አንተ ነህ» ብሎኛል። የአለቃውን አሥር መስመር ራሴ አንብቤ በቃሌ ይዣለሁ።

ኪሴ ውስጥ ፎቶ አለ፦ አሜሪካ መጠጥ በታገደበት ዘመን ወሮበሎች ያሻሻሉት ጠመንጃ። ሰደፉ አጥሯል፣ ከፊት እጀታ ተጨምሮለታል፣ ሆዱ ሥር እንደ ጣሳ ክብ የሆነ የጥይት መያዣ። ዛሬም ፈረንጅ አስመስሎ እያሠራ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል አሉ። ሥራ ፈት!

3 ሰዓት፣ ምናለሽ ተራ

መዶሻ፣ ቆርቆሮ፣ ጭስ፣ «ዞር በል!» የሚል ተሸካሚ። ምድጃ ሠሪው ጋሽ ሸምሱ ፎቶውን አገላብጠው አዩት።

«መጠጥ ስለተከለከሉ ነው እንዲህ የታጠቁት?»

«አዎ ጋሼ።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳልቀምስ ቢላ እንኳ አልያዝኩም!»

የመጋረጃ ብረት አፈሙዝ ሆነ፣ የወንበር እግር ሰደፍ፣ የዱቄት ወተት ጣሳ ክቡ ሆድ። ሆዱ ግን ይከፈታል።

«ለምን ይከፈታል?» አልኩ።

«ለምንም የማይሆን ዕቃ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ቲያትሩ ሲያልቅ በርበሬ ትይዝበታለህ። ክዳኑ ላላ ብሏል፤ ብቻ አትዘቅዝቀው።»

6 ሰዓት፣ መሳለሚያ

የጥንቶቹ በቫዮሊን ሳጥን ይደብቁት ነበር አሉ። እኔ በክራር ከረጢት ከትቼ ሚኒባስ ገባሁ። አጠገቤ የተፈጨ በርበሬ የያዙ እናት ተቀምጠዋል። ፖሊስ ለፍተሻ አስቆመን።

«ክፈተው።»

ከፈትኩ። ፖሊሱ አፈሙዙን አየ።

«የቲያትር ነው» አልኩ።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ውረድ!»

ከወረድኩ ጠመንጃውም ድርሻዬም ቀረ። የጣሳውን ክዳን ከፈትኩና፣ «የበርበሬ ዕቃ ነው» አልኩ።

«በርበሬው የታለ?»

«እኔ ጋ ነዋ!» አሉ እናትየዋ፤ ከፌስታላቸው ሦስት እፍኝ ዘግነው ሞሉት። «ይኸው! ምን አድርግ ነው የምትለው?»

ፖሊሱ አስነጠሰ። «ሂዱ» አለ። እውነቱን ስነግረው ያላመነኝ ሰው በርበሬውን አመነ።

8 ሰዓት ተኩል፣ ኮተቤ

አዘጋጁ ጠመንጃውን ሲያይ አቀፈኝ። ከዚያ፣ «ወንድሜ፣ የአለቃው ድርሻ ለአጎቴ ልጅ ሆኗል። አንተ በሩን ያዝልን» አለ።

የአጎቱ ልጅ ከእጄ ነጥቆኝ መድረክ ላይ ወጣ። ድርሻውን ከእሱ በላይ አውቀዋለሁ፦ ሦስተኛው መስመር ላይ ጠመንጃውን ከአናቱ በላይ አንስቶ እያገላበጠ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ ይስቃል።

ስለ ክዳኑም ስለ በርበሬውም የጠየቀኝ የለም። በሩን ይዤ ይህን እጽፋለሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ ደርሷል።