የእህቴን በሬ የገደለው ፌስታል

እህቴ የምትኖረው ከላሊበላ ከተማ በታች፣ ቁልቁል የሚወርደው ሸለቆ ዳር ባለች መንደር ነው። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ቤቷን ያቆመችው በጥንድ በሬዎቿ ነው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር። ትልቅ ልጇ ያርስላታል። እኔ ታናሿ ከተማው ውስጥ አስጎብኚ ነኝ።

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ መሬቱን ማለስለስ ሲጀምር፣ ደወለችልኝ።

«ቀዩ መብላት አቁሟል፤ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ቶሎ ድረስልኝ።»

የእንስሳት ሐኪም ይዤ ወረድኩ። ሐኪሙ የበሬውን ጎን በመዳፉ ደጋግሞ ነካካ፣ መርፌ ወጋው፣ ዘይት አጠጣው። እህቴ ቀንዱን ይዛ እንደ ሰው «አይዞህ፣ አይዞህ» ትለዋለች። በማግስቱ ጠዋት ከተኛበት አልተነሳም።

አላለቀሰችም። ፊቷን ወደ ጎረቤቷ ቤት አዙራ ቆመች። ጎረቤቷ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ባሏ በሕይወት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በእርሻ ድንበር ሲካሰሱ ኖረዋል።

«እሳቸው ናቸው» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መርዝ አብልተውብኝ ነው።»

«እታለም፣ ሳያዩ እንዲህ አይባልም።»

«ምኑን ልይ? ደህና የነበረ በሬ በምን ይሞታል?»

ወሬው ሳይውል ሳያድር መንደሩን አዳረሰ። ሽማግሌው ራሳቸው ቢላ ይዘው መጡ።

«ይከፈት» አሉ። «መርዝ ከሆነ ሐኪሙ ይየው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሰው በሬ ገዳይ ተብዬ ቅዳሴ አልቆምም።»

ሐኪሙን መልሰን ጠራነው። ጨጓራው ሲቀደድ ፈርሱ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ ከመሃሉ ግን አልወጣም ያለ ነገር ቀረ። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ጎትተው አወጡት። ፌስታል ነው፤ ጥቁሩ ከሰማያዊው ጋር፣ የብስኩት መጠቅለያው ከዳቦ ላስቲኩ ጋር ተገምዶ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ሐኪሙ በእንጨት ሲፈታታው አንዱ ላይ የወጥ ቀለም አሁንም ይታይ ነበር።

«ከብት ጨው የነካው ነገር ሲሸተው ላስቲኩን ለይቶ አይተወውም፤ አብሮ ይውጠዋል» አለን። «ከገባ በኋላ አይፈጭ፣ አይወጣ። መርዝ የሚባል ነገር እዚህ የለም።»

ከየት እንደመጣ መጠየቅ አያስፈልገንም ነበር። ለገና የሚመጣው ምእመን ስንቁን በፌስታል ቋጥሮ ይመጣል። በዓሉ ሲያልፍ ሰው ይሄዳል፣ ፌስታሉ ይቀራል። ከሱቁም፣ ከሆቴሉም፣ ከየቤታችንም የሚወጣው ይጨመርበታል። ግማሹን ነፋስ አንስቶ ቁልቋሉ ላይ ይሰቅለዋል፤ የቀረውን ጎርፍ ጠርጎ ከብት ወደሚሰማራበት ሸለቆ ያወርደዋል።

እህቴ ሽማግሌው እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ትከሻዋን ይዘው አስቀሯት።

«አንቱን በከንቱ አማሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዜር ይቅር ይበልሽ። ይልቅ በሬውን እንቅበረው፣ ውሻ እንዳይጎትተው።»

እኔ ግን አልበረደልኝም። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ሲጣሉ ዳኛ አለ፤ ለዚህ ማንን ነው የምትከሰው? ያንን የፌስታል ጉድ በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሬ ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ወሰድኩት። የጽዳት ኃላፊው ትሑት ወጣት ነው። ሽታው ሲደርሰው ከወንበሩ ተነሳ።

«ወንድም፣ ምን ይዘው ነው የመጡት?»

«ከበሬ ሆድ የወጣ ነው። ከተማው የጣለውን ለከተማው ልመልስ ብዬ ነው።»

አልተቆጣም። መልሶ መቀመጥ አቅቶት መስኮቱ አጠገብ ቆመ። «ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ተበላሽቶ ቆሟል። ያለንን በጀት ደግሞ የተዘጉ ቦዮች ስናስከፍት ጨረስነው። ቦዩን የዘጋው ምን ይመስልዎታል? ይኸው ነው። ለማንኛውም ዘመቻ እናካሂዳለን።»

ዘመቻው ተካሄደ፣ እኔም ወጣሁ። አዲስ ካናቴራ ታደለን፤ ካናቴራው ራሱ አንድ በአንድ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር የመጣው። ንግግር ሰማን፣ ፎቶ ተነሳን። መሥራቱን ግን ከልብ ሠርተናል፤ ወገባችን እስኪቆረጥ ለቀምን። ፀሐይዋ ስትከር የታሸገ ውሃ አከፋፈሉን። አጠገቤ ሲለቅሙ ከነበሩት አንዳንዶቹ ጠጥተው ሲያበቁ ባዶውን ሃይላንድ አሁን በጸዳው ቦይ ውስጥ ወረወሩት። አንስቼ ከለቀምኩት ጋር ጨመርኩት።

የሰበሰብነውን ክምር አንድ የጭነት መኪና ጫነው። ወዴት እንደሚወስደው ማወቅ ፈልጌ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ከከተማው ትንሽ እንደራቅን መኪናውን ገደል አፋፍ ላይ አቆመና መገልበጥ ጀመረ።

«ምን እያደረግህ ነው? ይሄ እኮ እህቴ ሰፈር ነው የሚወርደው!»

«ታዲያ የት ልድፋው? ቦታ አልሰጡኝም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልሰጡትም።

ያን ሳምንት ዝናቡ ጠና። እህቴ ውሃ የምትቀዳበት ምንጭ አፉ በላስቲክ ተደፍኖ ሴቶቹ በእጃቸው ሲጎለጉሉ ዋሉ። ለእርሻው የደረሱላት እነዚያው ሽማግሌ ናቸው። አንድ በሬ ነው ያላቸው፤ ከጥቁሩ ጋር አቀናጅተው መጀመሪያ የእሷን አሳረሱ፣ ቀጥለው የራሳቸውን። ቢሆንም ሁለቱም ማሳ ዘግይቶ ተዘራ። የእህቴን ገብስ ውርጭ ቀደመውና ከገለባ በቀር ብዙም አልሰጣት።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ ይዤ በወጣሁ ቁጥር እናገራለሁ፤ ሰልችቶኝም እናገራለሁ። በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ጎልማሳ ከከተማው በላይ ተራራው ላይ አሸተን ማርያም ገዳም ስንደርስ ውሃውን ጨርሶ ጠርሙሱን ከድንጋዩ ሥር ጣለው።

«ጌታዬ፣ ይሄ እዚህ አይጣልም» አልኩት።

«ግድ የለም፣ የሚለቅም አይጠፋም» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ለሰውም ሥራ ይሆናል።»

የበሬውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ አዳመጠ። ከንፈሩን መጠጠና «በጣም ያሳዝናል» አለኝ። ጎንበስ ብሎ ጠርሙሱን አነሳው። ከዚያ እጁን ዘርግቶ፣ እንድይዝለት፣ ለእኔ ሰጠኝ።