ለቅሶ የደረሱ ጆንያዎች

ነገሩ የደረሰው ባለፈው ክረምት ነው። ዝናብ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ መጀመሪያ ያስደነግጠኛል፣ ቀጥሎ ያስቀኛል።

የምንኖረው እሪ በከንቱ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከበላያችን ትልቅ ሕንፃ እየተሠራ ነው። ለመሠረቱ የተቆፈረው አፈር ጫፉ ላይ ተቆልሎ ነበር። ዝናብ ሲጥል አፈሩ ይታጠብና ቦዩን ይደፍነዋል፤ ውሃውም መሄጃ ሲያጣ ጭቃውን ይዞ ወደ በራችን ይመጣል።

ያን ጊዜ ልጄ አራስ ነበረች። የተኛችው ከመንገዱ ዝቅ ባለችው ክፍል፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነው። ለእሷና ለሕፃኑ ፈርቼ ጎረቤቶቼን አስተባብሬ ወደ ግንባታው ሄድን። ጮህን። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታደሰማ፣ «እናንተ ፎቅ ስትሠሩ እኛ ጭቃ እንጠጣ?» ብለው ፎርማኑን ልክ ልኩን ነገሩት።

ፎርማኑ ሁሴን የሚባል የወሎ ሰው ነው። አልተከራከረም። ክምሩን ሸራ አለበሰው፤ ከሥሩ አፈር የሞሉ ጆንያዎች እንደ አጥር ደረደረ፤ ቦዩንም አስጠረገ። ከዚያ በኋላ ሲዘንብ ጭቃ መምጣቱ ቀረ። ሁላችንም እግዚአብሔርን አመሰገንን። ሁሴንን ማመስገን ትዝ ያለው ግን አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ጎረቤታችን አረፉ። መንገዳችን ኮብልስቶን ስለሆነ የድንኳን ካስማ አይገባበትም፤ ገመዱ የሚታሰረው ከባድ ነገር ላይ ነው። የእድሩ ሰዎች ከባድ ነገር ሲፈልጉ ጆንያዎቹን አዩ።

«የሰፈሩ አይደሉም እንዴ? ለእኛው ብለው ነው ያመጧቸው» ብለው ጋሽ ታደሰ ፈረዱ።

ዕለቱ እሑድ ስለነበር ግንባታው ላይ ከዘበኛው በቀር ሰው የለም። ዘበኛው ደግሞ የእድራችን አባል ነው። እሱም አብሮ ተሸከመ። ሸራውንም አልተዉትም፤ ለድንኳኑ ምንጣፍ ሆነ።

ከቀብር ተመልሰን እንደተቀመጥን ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ጋሽ ታደሰ ቀና ብለው ድንኳኑን አዩና «ንቅንቅ አላለም! እንዲህ ነው መትከል» አሉ። ወዲያው ቀይ ውሃ በወንበሮቹ እግር መሐል ሾልኮ ወደ ታች ወረደ። የልጄ ክፍል ያለችው ታች ነው።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው፤ ጭቃው ተደግፎት እምቢ አለኝ። በመስኮት ሳይ ፍራሹ ውሃ ላይ ተንሳፍፏል። ልጄ ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጥግ ቆማለች። «እማዬ፣ ቶሎ በይ!» ትለኛለች። እኔ በሩን በእጄ እቧጥጣለሁ፣ እመቤቴን እጠራለሁ።

«እናቴ፣ ፈቀቅ ይበሉ!» አለኝ አንድ ሰው ከኋላዬ። ሁሴን ነው፣ አካፋ ይዞ። ዝናቡ ሲጠና ክምሩ አሳስቦት ከቤቱ፣ ከአትክልት ተራ በኩል፣ ሮጦ መጥቶ ኖሯል። ጭቃውን ዝቆ በሩን አስከፈተው። ሕፃኑን በዝናብ ልብሱ ጠቅልሎ አሳቀፈኝ፤ ልጄንም ደግፎ አወጣት።

ከዚያ ሽቅብ አየና፣ «ጆንያዎቼስ?» አለ።

«ለቅሶ ደርሰዋል» አለው አንዱ የሰፈራችን ሰው።

ሁሴን ራሱ ሳቀ። ጋሽ ታደሰ ግን አልሳቁም። ጋቢያቸውን ወዲያ ጥለው የመጀመሪያውን ጆንያ በትከሻቸው ተሸከሙ። ሐዘንተኞቹም ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ተከተሏቸው። ድንኳኑ ከኋላቸው ተኛ፤ ዞር ብሎ ያየው የለም።

ተመስገን፣ ልጄም ሕፃኑም ደኅና ናቸው። ለክርስትናው ሁሴንን ጠራነው። ሥጋችንን አይበላምና ሽሮ ለብቻው ሠራሁለት። ጋሽ ታደሰ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ጆንያ እንዴት እንደሚደረደር ሲያስረዱት ዋሉ። እሱም ሽሮውን እየበላ ሰማቸው።

እኔ ለሰው የምጸልየው የክርስትና ስሙን ጠርቼ ነው። ይህ ሰው የለውም። «ሁሴንን ጠብቅልኝ» ብዬ አልፋለሁ፤ ጌታዬ ማንን እንደምል ያውቃል።