ሺህ ዓመት የተሰጠው ጉሮኖ

መኪናውን በር ላይ አቁሞ በእግሩ የሚዞር ሰው እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሳውዲ ውስጥ፣ ጂዛን ሙቀቱ ጋብ በሚልባቸው ጥቂት ወራት የከተማው ቤተሰብ ሁሉ እየተጫነ ወደ ግድቡ ሐይቅ ይመጣል። ምንጣፍ፣ ፔርሙስ፣ ሩዝ በትሪ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ የስፖርት ጫማ ይዘዋል። የውሃውን ዳር ይዘው ትንሽ ወዲያ ወዲህ ይሉና ስልካቸውን አውጥተው ስንት እርምጃ እንደሄዱ ያያሉ። ስልኩ ሳያመሰግናቸው አይቀርም፣ ፈገግ ይላሉ። ከዚያ ምንጣፉ ይዘረጋና የሄዱትን ሁሉ መልሰው ይበሉታል። እኔ ከወሎ ተነሥቼ በረሃና ባሕር አቋርጬ እዚያ ስደርስ እርምጃዬን የቆጠረልኝ የለም፤ እኔም ለጤናዬ ብዬ አልነበረም የመጣሁት።

በዚያ ሐይቅ ዙሪያ ስድስት ዓመት ፍየል ጠበቅሁ። ፍየሎቹ የከፊሌ ናቸው። ከፊል ማለት እዚያ አገር አሠሪህም ዋስህም ነው፣ ሲያሻው ጌታህም ነው። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም። ከፊሌ በየዓመቱ «ከረመዳን በኋላ አወጣልሃለሁ፣ ወላሂ» ይላል፣ ረመዳን ይመጣል፣ ይሄዳል። በስድስተኛው ዓመት ግን ነገሩ የምር መሰለ። ጉርድ ፎቶ አስነሣኝ፣ ስሜን ከነአያቴ ጻፈ። ወረቀቱ ከወጣ በአውሮፕላን አገሬ ገብቼ፣ ስወጣ በእናቷ ሆድ የነበረችውን ልጄን አይቼ፣ ወር ሁለት ወር ተቀምጬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ከተያዝሁ ግን አሻራዬን ወስደው ይሸኙኛል፣ በሩም በዚያው ይዘጋል። ስለዚህ ከኔ የሚፈለገው እስከ ረመዳን የቀረውን ሦስት ወር አፌን ይዤ መቀመጥ ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከፊሌ ራሱ ከነቤተሰቡ መጣ። ሚስቱ አለች፣ ሦስት ልጆች አሉ፣ ከነሱ ትንሹ በሕፃን ጋሪ ነው የመጣው። የሚስቱ ወንድምም አብሮ ነበር፤ የታሪክ መምህር ነው፣ ሁሉም «ኡስታዝ» ይሉታል። ሰፊ ባርኔጣ ደፍቷል፣ ኪሱ የበዛ ሰደርያ ለብሷል፣ በሁለቱም እጁ በትር ይዟል። ሜዳ ላይ ለመሄድ ሁለት በትር የሚያስፈልገው ጤነኛ ሰው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ከፊሌ «ያላ፣ አንተ መንገዱን ታውቃለህ፣ ለልጆች በሚመች በኩል አዙረን» አለኝ። ፍየሎቹ ውሃ ጠጥተው ጥላ ይዘው ነበርና ለፈጣሪ አደራ ሰጥቻቸው ተነሣሁ።

የሚመች መንገድ የተባለው ፍየሎቼ የከፈቱት መንገድ ነው። ጋሪው አሸዋው ውስጥ ሲሰጥም ተሸካሚው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። እመቤቲቱ በየሃያ እርምጃው ቆማ ሐይቁን ፎቶ ታነሣለች፤ ሐይቁ ግን ከቅድሙ ምንም አልተለወጠም። ትልቁ ልጅ ኢንተርኔት የለም ብሎ አኩርፏል። ከፊሌ ጀርባውን ይዞ ያቃስታል፣ ሰው ሲያየው ቀና ይላል። ኡስታዙ ግን ይናገራል። ስለ ውሃው፣ ስለ ነገዶቹ፣ ስለ ቱርኮች እያለ ሳያርፍ ያወራል፣ የሚሰማው የለም። እኔ ብቻ ነበርሁ የምሰማው፣ ጋሪ ተሸክሞ ሌላ ምን ይሠራል ሰው?

ከሐይቁ በላይ ጉብታው ላይ የፈረሰ ቀልዓ አለ፣ ምሽግ ማለት ነው። የቱርክ ጊዜ ነው ይላሉ። ከቀልዓው አንድ ግድግዳና ግማሽ ማማ ቀርቷል። ኡስታዙ እዚያ ቆሞ ዘመን የበላው ነው ብሎ አዘነ። ዘመን ሆዱ ይህን ያህል አይሰፋም። ድንጋዩን ያጋዘው የአካባቢው ሰው ነው። የከፊሌ ቤት ደፍ ላይ ያሉት ሦስት ጥርብ ድንጋዮች ከየት እንደመጡ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ከፊሌ ወደ ውሃው ዞሮ ወፍ ያይ ነበር።

ስንወርድ ኡስታዙ ከቁርቁራው ዛፍ ጀርባ ያለውን የፍየሎቼን ማደሪያ ጉሮኖ አየ፤ አየና ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጉሮኖውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ቀበሮ ግልገል ስለፈጀብኝ ነው የሠራሁት። እኛ አገር በጋ በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ አፈሩ እንዳይታጠብ ዳገት ለዳገት ካብ ይክባል። ድንጋይ ማስቀመጥ የተማርሁት ፊደል ሳልቆጥር ነው። ድርብ ካብ ነው የካብሁት፣ ውስጡን በጠጠር ጠቅጥቄ፣ በየክንዱ ማሰሪያ ድንጋይ እያስገባሁ፣ ወደ ውስጥ ትንሽ አዘንብዬ። ሰው ቢቆምበት አይነቃነቅም። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚያኮራኝ እሱ ነው፣ ያየው ግን ፍየል ብቻ ነበር።

ኡስታዙ በትሮቹን ጥሎ ካቡን በመዳፉ ዳበሰው። «ሱብሓነላህ» አለ። «ይህ ከቱርክም በፊት ነው። ሺህ ዓመት ቢያንስ።» መሬቱ ላይ ያለውን የፍየል በጠጥ በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገና «ባለጌ እረኞች በኋላ አርክሰውታል» አለ። በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ መዞሩን አይቶም፣ የዚያ ዘመን ሰዎች ፀሐይ ያመልኩ እንደነበር ለልጆቹ አስረዳ። በሩን እዚያ ያደረግሁት ነፋሱ ከምዕራብ፣ ከባሕሩ በኩል ስለሚመጣ ነው። ይህን ሁሉ ቻልሁት። ስድስት ዓመት ስድብ የዋጠ ሰው ይህ አያንቀውም።

ያልቻልሁት የሚቀጥለውን ነው። «እዩ» አለ ለልጆቹ፣ «ስሚንቶ የለ፣ ጭቃ የለ፣ ምላጭ የሚገባበት ክፍተት የለም። የዛሬ ሰው እንዲህ መሥራት አይችልም። ጥበቡ ከባለቤቶቹ ጋር ሞቷል።»

ሳቅሁ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

«ምን ያስቅሃል?» አለ ኡስታዙ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አልሁት።

 ከፊሌ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «ይቀልዳል፣ ሐበሾች ቀልድ ይወዳሉ» አለ። ዓይኑ ግን አፍህን ዝጋ ይለኛል። «ትቀልዳለህ፣ አይደል?» አለኝ ደግሞ። ማምለጫ በር ከፈተልኝ እኮ። አዎ ብል አለቀ፤ ረመዳን ይመጣል፣ ወረቀቴ ይወጣል፣ ልጄን አያለሁ። ይህን ሁሉ እዚያው ቆሜ አስቤዋለሁ፣ አላሰብሁም ብዬ አልዋሽም።

ኡስታዙ ግን ከላይ እስከ ታች አየኝና ወደ ልጆቹ ዞረ። «ይህ? ይህ ነው ይህን የሚሠራ?» አላቸው።

ሄድሁና የበሩን መድፊያ ድንጋይ ከፍ አደረግሁት። ያ ድንጋይ ሲቀመጥ ስለሚዋልል ከሥሩ የቱና ቆርቆሮ ጨፍልቄ ሸጉጬበት ነበር። ቆርቆሮውን አውጥቼ፣ አቧራውን በሱሪዬ ጠርጌ፣ በኡስታዙ መዳፍ ላይ አስቀመጥሁለት። የዓሣው ሥዕል አሁንም ይታያል። «ከቱርክ በፊት ቱና ይበሉ ነበር?» አልሁት።

እመቤቲቱ ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች። ያኮረፈው ልጅ እንኳ ሳቀ። የኡስታዙ ፊት ቀላ። እኔ ያን ሰዓት የነበረኝን ደስታ በሠርጌም ቀን አላገኘሁትም።

ኡስታዙ ቆርቆሮውን ጣለና በቀስታ ጠየቀኝ። «ድንጋዩን ከየት አመጣኸው?»

«ከቀልዓው» አልሁ። ደግሞ በኩራት! የተጠረበውን ለማዕዘን መርጬ፣ ሌላውን ለመሐል አድርጌ እያልሁ በጣቴ ሳሳየው ከፊሌ ዓይኑን ጨፈነ። ኡስታዙ ስልኩን አውጥቶ መጀመሪያ ካቡን፣ ቀጥሎ እኔን ፎቶ አነሣ። «ኸላስ፣ በቃ፣ እንመለስ» አለ። ስንመለስ ጋሪውን ሌላ ሰው ተሸከመው።

በሦስተኛው ቀን የመንግሥት ጠባቂዎች መጡ። ቅርስ አፍርሰሃል ተብዬ ነው የተጠቆምሁት። ከመጡት አንዱም ጉሮኖውን ሊያይ እንኳ አልወረደም። ቀልዓው ቀርቶ የቱርክ ንጉሥ ራሱ ቢፈርስ ደንታም የላቸው፤ የጠየቁኝ ኢቃማ ብቻ ነው። ለከፊሌ ደወልሁ፣ አላነሣም። በኋላ ሲጠይቁት አላውቀውም ማለቱን ሰማሁ። የደጁን ድንጋይ ልነግርበት እችል ነበር። አልነገርሁም። ደግ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው ለመበቀልም አይበቃም ብዬ ነው።

የወሰዱኝ ማቆያ ውስጥ እግር መዘርጊያ የለም። ከእስረኞቹ አንዱ ስልክ ደብቆ ነበርና ተራዬ ሲደርስ ለሚስቴ ደወልሁ።

«ተያዝሁ» አልኋት።

«ያ ረቢ! ኢቃማውስ?»

«ቀረ።»

«ሦስት ወር እኮ ነበር የቀረህ። ምን አድርገህ ነው?»

ምን ልበላት? ካብህ ያምራል ቢሉኝ አፌ ተከፈተ ልበላት?  እሷም «ይችን አናግራት፣ እጄ ላይ ተንጠልጥላለች» ብላ ስልኩን ለልጅቱ ሰጠቻት።

«አባ፣ እውነት ልትመጣ ነው?»

«አዎ።»

«ተመልሰህ ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ?»

«እቀራለሁ» አልሁ። ይህ ቃል ለኔ የሞት ያህል ነበር።

ጮኸች። ስልኩን ጥላ ስትሮጥ እግሯ ይሰማኛል፤ «አባቴ ሊመጣ ነው! ሊቀር ነው!» እያለች ለጎረቤት ሁሉ ትናገራለች። እኔ ደግሞ ያን ጩኸት እየሰማሁ በሆዴ፣ «ይችም ቂል! ምን የሚያስደስት ነገር አገኘች?» አልሁ። በእግራቸው በሚዞሩት ስቄ፣ በሚያስተምረው ስቄ፣ በከፊሌ ስቄ መጨረሻ ላይ የደረስሁት እዚህ ነው። አይታኝ የማታውቅ ልጄ እኔን በማግኘቷ ስትደሰት ናቅኋት።

ስልኩን መለስሁ። አጠገቤ የነበረው ያገሬ ሰው «ልጅቱ ምን አለች?» ብሎ ጠየቀኝ። «ደስ» ብዬ ጀመርሁና መጨረስ አቃተኝ።